መስታወት ያልወደቀበት ወለል

ዓርብ ቀን ፖሊስ እፎይ ይላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጭሮን አያውቃትም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ለጁምዓ ይዘጋል፤ ክርስቲያኑም በዚያው አሳብቦ ረጅም ምሳ ይወጣል። ከተማዋ ጭር ትላለች። ሌባም እንደ ማንኛውም ሰው ጭር ያለ ነገር ይወዳል። ሽሮዬ ቀርቦልኝ ገና እጄን ሳልዘረጋ ስልኬ ጮኸ።

"ኢንስፔክተር አይናዲስ፣ ሙዚየሙ ተዘርፏል" አለኝ ሳጅን ቡርሃን። "መስቀሉ የለም።"

የትኛው መስቀል ብዬ አልጠየቅኩትም። በአሰቦት በኩል ካለች አንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ በረጅም እንጨት ተሰክቶ በታቦት ፊት የሚያዝ ትልቅ የብር መስቀል ነው። እዚሁ ጭሮ ያለው የጨርጨር ሙዚየም ውስጥ ከገባ ዘመናት አልፈዋል። ገበሬው በደርግ ጊዜ ይጠፋብናል ብሎ ፈርቶ፣ መንግሥት ይጠብቅልን ብሎ በአደራ ያስገባው ነው። እንግዲህ አደራው እንዲህ ነው የተጠበቀው።

ሽሮዬን ትቼ ሄድኩ።

ሙዚየሙ ድሮ ፍርድ ቤት የነበረ የድንጋይ ቤት ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ ሰው ከጓዳው አውጥቶ የሰጠው ነው፦ የኢቱ ኦሮሞ እናቶች የወተት ጮጮ፣ የሙሽራ የብር ጌጥ፣ ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የመጣ ፋኖስ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ የእህል ጋን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገሪቱ የሙዚየሞች ትስስር ውስጥ ገብቷል። በዚያ ምክንያት ዕቃዎቹ ለዙር ኤግዚቢሽን አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ፤ ለመጪው ሰኞ ደግሞ አዲስ አበባ ካለው የትስስሩ ማዕከል የሚመጡ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ቅርስ ሊመዝኑና ፎቶ ሊያነሡ ቀጠሮ ይዘው ነበር።

የጓሮው መስኮት ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። በአዳራሹ መሐል መስቀሉና ከቦኬ የመጣው የእጅ ጽሑፍ ቁርአን ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ባለመስታወት ሣጥን አለ። የሣጥኑ በር መስታወት ረግፏል። መስቀሉ የለም። ቁርአኑ ግን አለ፤ በነጭ የአንገት ልብስ ተጠቅልሎ፣ በአዳራሹ ውስጥ ካለው ሁሉ በሚረዝመው መደርደሪያ አናት ላይ በክብር ተቀምጧል።

"መጀመሪያ ማን አየ?" አልኩ።

"ዘበኛችን" አለ ዳይሬክተሩ አቶ እንዳሻው። ከረባት ያሠረ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ሲናገር የሚያነብ የሚመስል ሰው ነው። "እኔ በሥራ ጉዳይ ምሳ ላይ ነበርኩ። ተጠርቼ መጣሁ።"

"የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

"ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ከእኔ ኪስ አይወጣም" አለና ኪሱን መታ መታ አደረገ። "ለዚህም ነው መስታወቱን የሰበሩት።"

ዘበኛው ኦቦ አብዱልቃዲር በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ ናቸው። ከመስጊድ ቀጥታ መምጣታቸው ያስታውቃል። አንድ ጣታቸው ላይ ወረቀት ጠቅልለዋል።

"ኦቦ አብዱልቃዲር፣ ከገቡ በኋላ የነኩት ነገር አለ?"

"ወላሂ ምንም አልነካሁም፣ ልጄ። ሰግጄ መጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ጉዱን አየሁ፣ ደወልኩ።"

"ጣትዎ ምን ሆነ?"

"ቀላል ነው።"

ቡርሃን ቃላቸውን ጻፈ፦ ምንም አልነካሁም። እሳቸውም ፈረሙ።

እንዳሻው ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው መወንጀል አልወድም" አለ። ሰው መወንጀል አልወድም ብሎ የጀመረ ሁሉ ቀጥሎ የሚያደርገውን አውቃለሁ። "ግን ልብ ይበሉ። ሌባው መስቀሉን ወሰደ። ቁርአኑን ግን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሁሉ በላይ አኖረ። እንዲህ ያለ ሌባ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ወለሉን ፎቶ አነሣሁ። የመስታወት ስብርባሪ ሣጥኑ ፊት ለፊት እንደ ጨው ተበትኗል። በመካከሉ ግን ደብተር የምታክል አንዲት አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ነበረች፤ በላይዋ አንድም ቅንጣት የለም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ስልኬ ውስጥ ከተትኳት፣ ቁርአኑን ከነጨርቁ በላስቲክ አድርጌ ለምርመራ ወሰድኩ፣ ሙዚየሙን አሸግኩ።

"መቼ ይከፈታል?" አለ እንዳሻው። "ሰኞ እንግዶች አሉብኝ።"

"ስጨርስ።"

---

ከምሽቱ በፊት ነጩ የአንገት ልብስ የኦቦ አብዱልቃዲር መሆኑ ታወቀ። ጠርዙ ላይ ያለው የደም ጠብታም ከቆሰለው ጣታቸው ነው።

"ጨርቁ የእሱ፣ ደሙ የእሱ፣ የውጭው በር ቁልፍ የእሱ" አለ አዛዣችን ጠረጴዛውን እየደበደበ። "ምንም አልነካሁም ብሎ ፈርሟል። ዋሽቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? መስቀሉ ከሰማይ እስኪወርድ ልትጠብቂ ነው?"

ቡርሃን ኦቦ አብዱልቃዲርን አሥሮ አመጣቸው። ጨርቁን አሳይቼ ጠየቅኳቸው።

"እጄን በካቴና አሥራችሁ፣ በአስፋልቱ በገበያው መሐል አምጥታችሁ፣ አሁን ምን ላውራ?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እውነት ለመናገር እኔም ተናድጄባቸው ነበር። የዋሸኝን ሰው አልወድም። ከሁሉ በላይ ግን ያናደደኝ ከተማው ነው። ከእኛ ጣቢያ ግቢ ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ሳይመሽ ግን በየሻይ ቤቱ "ቁርአኑን አክብሮ መስቀሉን ወሰደ" እየተባለ ይወራ ነበር። አብሮ ያደገ፣ ሰርግና ቀብር አብሮ የሚውል ሰው እየተገላመጠ መተያየት ጀመረ።

ልጃቸው ሰዓዲያ ምግብ ይዛ መጣች። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሳህኑን እጄ ላይ አኖረችና "አባቴ ይህን ሙዚየም ሲጠብቅ ነው ያረጀው" አለች። "ዝናብ ሲያፈስ ከቤታችን ሳፋ ወስዶ መስቀሉ ሥር የደቀነ ሰው ነው። ዛሬ ልጆች ቤታችን ላይ ድንጋይ ወርውረዋል። እናቴ አልጋ ሥር ገብታለች። እሱን ሌባ ካላችሁ፣ እናንተን ምን እንበላችሁ?"

ሳህኑን ለአባቷ ላደርስ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። እንዳሻው ነው።

"ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ ሰውዬው ተይዟል ሲባል ሰማሁ። እንግዲህ ሙዚየሙን ብትከፍቱልን..."

"አልከፍትም!" ብዬ ዘጋሁበት።

---

ቅዳሜ ጠዋት ከቡርሃን ጋር ወደ በደሳ ወረድን። እንዳሻው ራሱ የሰጠን ጥቆማ ነበር፦ መስዑድ የሚባል የአሮጌ ብር ነጋዴ ሙዚየሙ መጥቶ መስቀሉን አፍጥጦ ሲያይ ተባሯል። ዘበኛው ሰርቆ ለማን ይሸጣል? ለእሱ። አዛዣችን በዚህ በጣም ተደስቶ ነበር።

መንገዱ አቧራ ነው። የጫት መኪኖች ነፍሳቸውን ሸጠው ይበራሉ። ቡርሃን መሪውን እንደጨበጠ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም።

"ተናገር እንጂ" አልኩት በመጨረሻ።

"ምን ልበል? ትናንት ማታ ክርስቲያኑ ጎረቤቴ ሰላምታዬን ዋጠ። አሥር ዓመት አብረን ኖረናል። ፖሊስ ነኝ እኮ! እኔ ነኝ ሰውዬውን ያሰርኩት! ለእነሱም ለእኛም ጠላት ሆኜ አረፍኩት።"

መስዑድ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ሆዱ የገፋ፣ ጣቶቹ ሁሉ ቀለበት የሆኑ ሰው ነው። ቡርሃን በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ ጠየቀው። እኔ ጨጓራዬ እየተላጠ ቆምኩ።

"ትናንት በጁምዓ ሰዓት የት ነበርክ?" አልኩ ሰላምታው ሲያልቅ።

"የወንድሜ ልጅ ኒካህ እየታሰረ ነበር። እዚሁ መስጊድ። ይሄ መንደር በሙሉ ነበረ፣ ኢማሙን ጠይቂ" አለ። "እናንተ ግን ዘገያችሁ። መስቀሉ ጠፋ ሲባል ያኔውኑ ትመጣላችሁ ብዬ ፂሜን ተላጭቼ ነው የጠበቅኩት።"

"መስቀሉን ለምን አፈጠጥክበት?"

"ገርሞኝ ነዋ! ሥራዬ ብር ነው። ብር ሰው ካልወለወለው ይጠቁራል። ድሮ ያ መስቀል ቅርጹ ውስጥ ውስጡን ጠቁሮ ነበር፤ ውበቱም እሱ ነው። ባለፈው ስሄድ እንደ አዲስ ድስት ያበራል። 'ዳይሬክተር፣ ይሄ ብር አይደለም፣ ኒኬል የተቀባ ነገር ነው' አልኩት። በሰው ፊት ሌባ ብሎ አስወጣኝ።"

"ለምን ለፖሊስ አልተናገርክም?"

መስዑድ ሳቀ። ሳቁ ግን ንዴት ነበር። "የአሮጌ ብር ነጋዴ ሄጄ መስቀሉ ሐሰተኛ ነው ልበል? እውነተኛውን አምጣ ብላችሁ እኔን አታስሩም? አብዱልቃዲርን አላሰራችሁም?"

መኪና ውስጥ ቡርሃን "ወልውለውት ቢሆንስ?" አለኝ።

"ካልወለወሉትስ?" አልኩ። ኒኬል ከሆነ ማን ይሰርቀዋል? ኒኬል የሚሰርቅ ሰው፣ ኒኬል መሆኑ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

ጭሮ ሳንደርስ እንዳሻው እንደገና ደወለ። አላነሣሁም።

---

ጣቢያችን በር ላይ ወጣቶች ተሰብስበው ጠበቁን። ከፊታቸው የመስቀሉ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቄስ ኃይለሚካኤል ቆመዋል። ከአሰቦት በኩል ጠዋት ተሳፍረው ነው የመጡት። መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየመቱ ወጣቶቹን ይገሥጻሉ።

"አባ፣ ግቡ" አልኳቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

"ልጄ፣ እስከ ነገ ቅዳሴ መውጫ ልይዛቸው እችላለሁ። ከዚያ በኋላ አልችልም" አሉ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ። "ደማቸው ፈልቷል። የእኔም ፈልቷል። ግን አብዱልቃዲር ላይ አይደለም።"

"ታዲያ ማን ላይ?"

"ይህን መስቀል ስንሰጥ ስምምነት ነበረን። በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን ወጥቶ ታቦቱን አጅቦ ይመለሳል። በደርግም፣ ከዚያም ወዲህ እንዲህ ነው የኖርነው። በየዓመቱ በሩን ከፍቶ የሚጠብቀን አብዱልቃዲር ነው። ስንመልስ 'በሰላም ገባ?' የሚለን እሱ ነው። ዘንድሮ ግን አዲሱ ዳይሬክተር አላወጣም አለ። ማዕከሉ ከለከለ አለ። እሺ፣ እዚሁ አውጡልኝና ልሳለመው አልኩ። በመስታወቱ ላይ ተሳለሙ አለኝ! እኔን! ከድቁናዬ ጀምሮ በትከሻዬ የተሸከምኩትን መስቀል በመስታወት!"

"ቢያወጣልዎ ኖሮ ምን ያውቁ ነበር?"

"ምን ማለት ነው? ብይዘው እኮ በክብደቱ አውቀዋለሁ።"

ቡርሃንና እኔ ተያየን። አባ ግን አልገባቸውም፤ እኔም ገና አልነገርኳቸውም። ማዕከሉ ጋ ስልክ ደወልኩ። የበዓል ቀን ውሰት የከለከለ ማንም እንደሌለ፣ እንዲያውም በሌሎች ሙዚየሞችም የተለመደ መሆኑን አንዲት ሴት በትሕትና ነገረችኝ። መስቀሉ ከዙር ኤግዚቢሽን ሲመለስ ተረክቦ ያመጣው ማን ነው ስላት፣ ዳይሬክተሩ ራሱ በራሱ መኪና ነው አለችኝ።

እንግዲህ ምክንያት አገኘሁ። ምክንያት ግን ሰው አያሳስርም። ጨርቁና ደሙ አሁንም የኦቦ አብዱልቃዲር ናቸው፤ እንዳሻው ደግሞ በዚያ ሰዓት ምሳ ሲበላ ያዩት ሰዎች አሉት። ከቅዳሴ መውጫ በፊት ካልፈታሁት አንድ ቤት ይቃጠላል። የማን ቤት እንደሆነም አውቃለሁ።

---

ኦቦ አብዱልቃዲር ያለሁበት ክፍል ሲገቡ ካቴናውን እንዲፈቱላቸው አደረግኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ አላወጣሁም። ቡርሃን ውሃ ሰጣቸው።

"ኦቦ፣ ሌባ ብዬ አይደለም የምጠይቅዎ። በሩን ሲከፍቱ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። ቁርአኑ የት ነበር?"

"መሬት" አሉ። ቃሉን ሲናገሩ ፊታቸው ተኮማተረ።

"መሬት ላይ? ታዲያ ማን አነሣው?"

"እኔ ነኛ!"

"ምንም አልነካሁም ብለውኝ ነበር እኮ!" ድምፄ ከፍ አለ።

እሳቸውም ተቆጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። "የአላህ ቃል መሬት ወድቆ አይቼ ልለፈው? ፖሊስ እስኪመጣ ልጠብቅ? ውዱእ አለኝ፣ ታጥቤ ሰግጄ ነው የመጣሁት። አነሣሁት፣ አጸዳሁት፣ ባለኝ ንጹሕ ነገር ጠቀለልኩት፣ ከፍ ያለ ቦታ አኖርኩት። ይሄ ግዴታዬ ነው። የነካኸው ነገር አለ ትይኛለሽ፤ የሰው ዕቃ ነክቻለሁ? መስታወት፣ ጮጮ፣ ፋኖስ ነክቻለሁ? አልነካሁም!"

ቡርሃን አንገቱን ደፋ። "እኔ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር" አለ በዝግታ። "እኔም ብሆን የማደርገው እሱን ነው። እንዴት ሳላስበው!"

"ከምንድን ነው ያጸዱት?" አልኩ።

"ከመስታወቱ። ጣቴን የቆረጠኝ እሱ ነው። ሽፋኑን በስብርባሪ ሞልተውት።"

"ቆይ፣ ኦቦ። መስታወቱ ከቁርአኑ በላይ ነው ወይስ ከቁርአኑ ሥር?"

"ከላይ። ሥሩ ንጹሕ ወለል ነበር።"

ስልኬን አወጣሁ። ያቺ ባዶ አራት ማዕዘን እዚያው አለች፤ መጽሐፍ የምታክል፣ አንድም ቅንጣት ያልወደቀባት። አሁን ገባኝ። ቁልፍ የሌለው ሌባ መጀመሪያ መስታወቱን ይሰብራል፤ ስብርባሪው ይረግፋል፤ ከዚያ ነው መጽሐፉን አውጥቶ የሚያኖረው፤ መጽሐፉም የሚያርፈው ስብርባሪው ላይ ነው። ይሄኛው ሌባ ግን ሣጥኑን በቁልፍ ከፍቶ፣ ከፊት ያለውን ቁርአን አውጥቶ መሬት አስቀመጠ፣ መስቀሉን ወሰደ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌባ ለማስመሰል መስታወቱን የሰበረው። ስብርባሪውም ቁርአኑ ላይ ዘነበ።

ቁልፉ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከኪሱም አይወጣም።

---

የእንዳሻው የምሳ እንግዳ አቶ ደጀን የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው ቱግ አለ።

"እኔን? ምስክር? አንድ ሰው ለማዳን የተከበረ ሰው ልትነካኪ ነው? አብረን በላን! ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ መጨረሻው አብረን በላን። ሌሎቹንም ጠይቂ፤ ሦስታችንም እንምላለን።"

"አምንዎታለሁ" አልኩ። "ምሳው መቼ ቀረበ?"

ከዚያ ሌላ ዓይነት ንዴት መጣበት።

"እሱን ተዪው! ስኳር አለብኝ እኮ! መድኃኒቴን ወስጄ ነው የተቀመጥኩት። የጾም በያይነቱ በአንድ ትሪ ቀረበ። ጋባዡ የለም። ጋባዡ ሳይመጣ እንዴት እጃችንን እንስደድ? ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንጀራ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። ሽሮው ቀዝቅዞ ተመልሶ ሄደ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር! ስግደቱ ሊያልቅ ሲል እንዳሻው ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ስብሰባ ያዘኝ አለን።"

"ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ስብሰባ?"

ምሳ የበሉበት ሆቴል ከሙዚየሙ ጓሮ ጋር አጥር ይዋሰናል።

እስካሁን እንዳሻውን ያዳነው የእንግዶቹ ጨዋነት ነው። አብረው በሉ፤ አልዋሹም። እንግዳ ሆኖ ጋባዡን ጥሎ የሚጀምር ሰው አገራችን ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጉርሻ ሁልጊዜ ጋባዡ ያለበት ነው። እንዳሻው ይህን ያውቃል።

ከደጀን ቤት ስወጣ ስልኬ ጮኸ። እንዳሻው። ይህን ያህል የሚያጣድፈው ምንድን ነው? ሰኞ ባለሙያዎቹ ከመጡ መስቀሉ ባይኖርም ሌላውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ያገላብጣሉ። ዓርብ ዕለት በሩ ላይ ሰው ነበር፤ ከዚያ የእኔ እሽግ፤ ምንም ሊያወጣ አልቻለም። ምሳው እየቀዘቀዘ፣ እንግዶች እየጠበቁት፣ መስቀል የሚያህል ነገር በብብቱ ይዞ ሆቴል አልገባም። ታዲያ የት አስቀመጠው?

አነሣሁ። "ይምጡ፣ ልከፍትልዎ ነው" አልኩት።

---

ቡርሃን እሽጉን ቀደደ። እንዳሻው ከረባቱን አስተካክሎ ከኋላችን ገባ።

"መጀመሪያ ትንሽ ላስተካክል" አለ። "ለብቻዬ ብትተዉኝ ደስ ይለኛል። የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው።"

"ቁልፉን ስጠኝ" አልኩት። አንተ ማለቴን ሰምቶ ደነገጠ። ሰጠኝ።

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለቡርሃን አቀበልኩት። "ሣጥኑን በቁልፉ ክፈተው። መጽሐፉን ከመስቀሉ ፊት እንዳነሣህ አድርገህ አስቀምጥ። የት ታስቀምጠዋለህ?"

ቡርሃን እጁ ሙሉ ነበርና ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ፣ ልክ በባዶዋ አራት ማዕዘን ላይ አኖረው። ልክ ገጠመ።

"ምንድን ነው ይሄ ቲያትር?" አለ እንዳሻው። ይህን ሲል ግን ወደ እኛ አልመጣም። ከእህሉ ጋን ጋር ተጠግቶ ቆሞ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶት።

"ቡርሃን፣ ጋኑን" አልኩ።

ቡርሃን እጁን እስከ ትከሻው ከተተና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጋዜጣውን ገፈፈው። መስቀሉ ነው። ያበራል። ከፍ ዝቅ አደረገው።

"ይቀላል" አለ። "እንደ ማንኪያ ይቀላል።"

እንዳሻው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ይክዳል ብዬ ነበር፤ አልካደም። ያንን ነው ይቅር የማልለው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማብራራት ጀመረ።

"ኢንስፔክተር፣ እስቲ እንነጋገር። እውነተኛው እዚህ ማን ያየው ነበር? ጫት ነጂና ገበሬ። አሁን የጥበብ ዋጋ የሚያውቅ ሰው እጅ ነው ያለው። ለነሱ ደግሞ ይሄ ምን አነሳቸው? መስቀል መስቀል ነው። ሲሳለሙት ኖረዋል፣ ማንም አላወቀም።"

"አባ ኃይለሚካኤል ያውቁ ነበር። ለዚያ ነው በመስታወት ያሳለምካቸው።"

ከረባቱን አላላ።

"እሺ፣ መስቀሉን ሸጥክ። ሌባ ነህ፣ ሌባ አይተን እናውቃለን። አብዱልቃዲርን ግን ምን ልትል ነው? ቁርአኑን መሬት ያስቀመጥከው አንተ። እሱ አነሣው። ያነሣበትን ጨርቅ አይተህ የሰው ልብ ውስጥ እሳት ለኮስክ። ይህን አቅደህ ነበር?"

"አላቀድኩም" አለ። ትከሻውን ሰበቀ። "ስገባ ተጠቅልሎ አየሁት። ዕድል ነው። ቢበዛ ሳምንት ይወራና ይረሳ ነበር።"

ሥራ ከጀመርኩበት ጊዜ ጀምሮ ሰው መትቼ አላውቅም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ እዚያው አቆየሁት። ቡርሃን አየኝና ካቴናውን እሱ አሠረለት።

ለማን እንደሸጠው ስም ሰጠን። ደወልን። ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ዛሬም ዝግ ነው።

---

አባ ኃይለሚካኤል የኒኬሉን መስቀል በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻቸው ላይ ሊያሳርፉት አነሡትና ሳያሳርፉት አወረዱት።

"የእኛ አይደለም" አሉ። "ላመጡት መልሱላቸው።"

ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ወጡ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ ጩኸታቸውን ግን ከቢሮዬ ውስጥ ሰማሁት። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። ይቅርታ የጠየቀ አላየሁም። ሁለቱ ብቻ በማግስቱ የኦቦ አብዱልቃዲርን ቤት መስኮት ሊጠግኑ መስታወት ይዘው ሄዱ አሉ፤ ሰዓዲያ በሩን አልከፈተችላቸውም። እኔም ብሆን አልከፍትም።

ኦቦ አብዱልቃዲርን ራሴ ከክፍሉ አወጣኋቸው። ቀበቷቸውንና ቆባቸውን መለስኩላቸው። አዛዣችን ስብሰባ አለኝ ብሎ ወጥቶ ነበር። ሰዓዲያ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም።

"ቁርአኑስ?" አሉኝ።

"እኛ ጋ ነው፣ ኦቦ። በደህና ተቀምጧል።"

"አሳዪኝ።"

የተያዙ ዕቃዎች ክፍላችንን ከፈትኩ። ጠባብና ጨለማ ክፍል ነው። ዓርብ ዕለት ላስቲኩን ለዕቃ ጠባቂው ሰጥቼ፣ አስፈርሜ ሄጃለሁ፤ የት እንዳኖረው አልጠየቅኩም። ቡርሃን መብራቱን አበራው።

ወለሉ ላይ ነበር። በላዩ ከኬላ የተያዘ የኮንትሮባንድ ጫማ የታጨቀበት ማዳበሪያ ተጭኖበታል፤ ከቀዳዳው የአንዱ ጫማ ሶል ወጥቶ በላስቲኩ ላይ ተጋድሟል።

ቡርሃን በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔ ማዳበሪያውን ለማንሣት ዘልዬ ሄድኩ፤ በንዴት ጎትቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፤ ጫማዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ከዚያ ወደ ላስቲኩ እጄን ስዘረጋ ኦቦ አብዱልቃዲር ክንዴን ያዙኝ። አላጠበቁም።

"ቆዪ፣ ልጄ። ውሃ አለ?"

ቡርሃን ሮጦ በጆግ ውሃ አመጣ። በኮሪደራችን መሐል፣ ፖሊሶቹ ቆመው እያዩ፣ ሽማግሌው ቁጭ ብለው እጃቸውን ታጠቡ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ተነሥተው ገቡ፤ ዝቅ ብለው ቁርአኑን በሁለት እጃቸው አነሡ፤ ላስቲኩን ገፈው ግንባራቸው ላይ አስነኩት። በክፍሉ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ፈለጉ፤ አልነበረም። ደረታቸው ላይ አቅፈውት ወደ እኔ ዞሩ።

"አሁን ነክቻለሁ" አሉኝ። "ጻፊ።"